ነጩ ክር አይቆጠርም

«አባትህን አልወደውም ነበር» አሉት መሪጌታ አለነ፣ ፈረደ ገና ከጎጆው ደጃፍ ቆሞ ላቡን ሳይጠርግ። «አንተንም የምወድህ አይመስለኝም። ግባና ተቀመጥ።»

አቀባበል ማለት ይህ ነው እንግዲህ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ዞሮ አገሩ ይገባ ነበር። ፈረደ ግን የሚዞርበት አልነበረውም። አባቱን በዚያ ክረምት ንዳድ ወስዶበታል፤ አባቱ ደግሞ ከመተማ ወደ ቋራ በሚወስደው መንገድ፣ ጓንግ ወንዝ ዳር ባለችው ገብርኤል፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዜማ ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ስለ አገልግሎታቸው ደብሩ ማሳና በማሳው ዳር ያለ ቤት ሰጥቷቸው ማሽላና ሰሊጥ እየዘሩ ኖረውበታል። የደብር ማሳ ደግሞ እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር አይደለም። ያገለገለ ያርሰዋል፣ ያላገለገለ ይለቀዋል፤ አለቀ። ልጅ የአባቱን ማሳ ልያዝ ካለ በአባቱ ቦታ ቆሞ ማዜም አለበት። ለዚያ ደግሞ ዓመት ማዞር አለበት። ዓመት ማዞር የሚሉት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የሚዜመውን፣ የየበዓሉንና የየሰንበቱን፣ አንድም ሳይቀር ከመምህር አፍ ተቀብሎ በቃል መያዝ ነው።

የደብሩ አለቃ ጀምበሩ፣ አባቱ በተቀበሩ በአርባቸው፣ ለፈረደና ለእናቱ ለአየሁሽ ቁርጡን ነግረዋቸዋል።

«እስከሚመጣው ዓመት ዮሐንስ ማሳውን እናቆይላችኋለን» አሉ። «ፈረደ እስከዚያ ዓመቱን አዙሮ ከመጣ ቦታው የእሱ ነው። ካላዞረ ለአገኘሁ ይሰጣል። አገኘሁ ካዞረ ቆይቷል፤ የሚቆምበት አጥቶ ነው የተቀመጠ።»

አገኘሁ ማነው ቢባል የመሪጌታ አለነ የእህት ልጅ ነው። ጉዱን አያችሁልኝ? ፈረደ ማሳውን ለማዳን የሚማረው፣ ማሳውን ሊወስድ ከተዘጋጀው ሰው አጎት ዘንድ ነው። ሌላ መምህር እንዳይፈልግ በዚያ ቆላ ሌላ መምህር የለም። ጣሊያን መተማን ከያዘ ወዲህ ግማሹ ተገድሏል፣ ግማሹ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል።

መሪጌታ አለነ አባቱን የጠሉትም በከንቱ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ከጎጃም ወርደው ወደዚያ ደብር ሲመጡ የፈረደ አባት «ይሄ ጠንቋይ እንጂ መሪጌታ አይደለም» ብለው ከቅጥር አስወጧቸው። ክረምቱን ሙሉ በሣር ዳስ ውስጥ እየራሱ፣ በንዳድ እየተንቀጠቀጡ አሳለፉት። በኋላ አዋቂነታቸው ታውቆ ሰዉ ሁሉ ቢያከብራቸውም ያንን ክረምት አልረሱም። እሳቸው የሚረሱ ሰውም አልነበሩም።

ፈረደ ተቀመጠ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ ወራቱ አለፈ። ድምፁ እንደ አባቱ ድምፅ ወፍራምና ሩቅ የሚሰማ ነበር፤ ቀለም ለመቀበልም ደደብ አልነበረም። የኔታ ግን አንድ ቀን «ደህና ነው» ብለውት አያውቁም። ሲሳሳት «አባትህም እዚህ ጋ ይጎትት ነበር» ይሉታል። ሳይሳሳት ሲቀር ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ሌሎቹን ተማሪዎች ይገሥጿቸዋል፣ ይመርቋቸዋል፣ አንዳንዴም ይቀልዱባቸዋል፤ እሱን ግን እንደ ድንጋይ ያልፉታል። እሱም በበኩሉ ጠላቸው። መጀመሪያ ስለ አባቱ ጠላቸው፣ ቀጥሎ ስለ አገኘሁ፣ በመጨረሻ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚያዳምጡበትን ሁኔታ እንኳ ጠላው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ ፈረደ በየማለዳው አንድ አንድ ምላጭ እየዋጠ ነበር የሚማረው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የአስተምህሮው ዜማ አለቀ። ይህ እንግዲህ የዓመቱ እኩሌታ ነው። በመሪጌታ አለነ ቤት እስከዚህ የደረሰ ተማሪ መቋሚያውን ይዞ ይቀርባል፤ እሳቸውም ከመቋሚያው አንገት ላይ ነጭ ክር ያስሩለታል። ለፈረደም አሰሩለት።

«ስማ» አሉት ቋጠሮውን እያጠበቁ። «ይሄ ማቆያ ነው። ቦታህን ያቆይልሃል እንጂ አይቆጠርም። የሚቆጠረው ጳጉሜን ላይ ነው። ያን ጊዜ ዓመቱን ከዳር እስከ ዳር ሰምቼህ ከሆነልህ ነጩን ቆርጬ ቀይ አስርልሃለሁ። ቀዩ የፊተኛውንም የኋለኛውንም እኩሌታ ባንድ ላይ ይቆጥራል። ካልሆነልህ ነጩን እቆርጠዋለሁ፣ በቦታው ምንም አላስርም።»

«የፊተኛው እኩሌታ ግን አልቋል አይደል፣ የኔታ?»

«ምኑ ያልቃል?»

«የተማርነው።»

«የሚያልቀው ዓመት ነው። እኩሌታ የሚባል አላውቅም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሰምቷል፤ አልሰማም አይባልም። ግን ገበሬ ነው፣ ምን ታደርጉታላችሁ። ፈረደ ባደገበት ቤት የታጨደ ታጨደ ነው። የማሽላው እኩሌታ ታጭዶ ጎተራ ከገባ፣ የቀረውን ወፍ ቢጨርሰው እንኳ የገባው ገብቷል፤ ማንም ተነስቶ «ሁሉን ካላጨድክ ያጨድከውም አይቆጠርም» አይለውም። ስለዚህ ነጩን ክር ሲያይ የታየው ጎተራ ነበር። እኩሌታውን አግብቻለሁ፣ እኩሌታ ቀረኝ አለ በልቡ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ጠቡ የፈነዳው በጾሙ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የኔታ በቀን የጾሙን ዜማ ያስተምሩታል፤ ማለዳ ማለዳ ግን የመስከረሙንና የታኅሣሡን እንደገና ከሥሩ እንዲያነሳ ያዙታል። ጥቂት ቀን ታገሠ። አንድ ማለዳ ግን መቋሚያውን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ።

«የጨረስነውን ለምን እንመልሳለን?»

«ስላልጨረስነው።»

«ክሩን አስረውልኛል።»

«ክሩ ማቆያ ነው ብዬሃለሁ። አንተ ጆሮህ ከአባትህ የባሰ ነው።»

«አባቴን ይተዉት» አለ ፈረደ። ድምፁ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ተማሪዎች ዜማቸውን አቆሙ። «እኔ የገባኝ ሌላ ነው። ወደ ኋላ እየመለሱ ያዘገዩኛል፣ ጳጉሜን ይደርስብኛል፣ ማሳው ለእህትዎ ልጅ ይሆናል። ይኸው ነው ነገሩ።»

መሪጌታ አለነ አልተቆጡም። መቆጣት ይሻል ነበር። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ትንሽ ካዩት በኋላ «እንግዲያማ ሂድ» አሉት።

«እሄዳለሁ። እኩሌታዬን ይዤ እሄዳለሁ።»

«ምንም ይዘህ አትሄድም። ክሩን ከፈለግኸው ውሰደው፣ ሱሪህን ትሰፋበታለህ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ያ ሳቅ ነው የጨረሰው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ፤ ፈረደም ስልቻውን አንግቦ ያን ዕለት ወጣ።

የሄደው ወደ ሱዳን ነው። ሐሚድ የሚባል የመተማ ነጋዴ ነበር፤ በአህያ ጨውና አቡጀዲ እየጫነ በገላባት በኩል ወዲያና ወዲህ የሚል፣ ጣሊያኑም እንግሊዙም የሚያውቀው ሰው። የፈረደ አባት ወዳጅ ስለነበር ልጁን አህያ ነጂ አስመስሎ በኬላው አሳለፈው። በገዳሪፍ አጠገብ ከጣሊያን የሸሹ ሰዎች ሰፍረው ነበር፤ መካከላቸውም ዜማ የሚያውቁ አንድ ደግ መነኩሴ ነበሩ። ፈረደ ክሩን አሳያቸው። መነኩሴው ክሩን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው መለሱለት።

«ከጾም እስከ ጳጉሜን ያለውን አስተምርሃለሁ» አሉት። «ዓመቱን ግን አልመሰክርልህም። ያልሰማሁትን እንዴት ብዬ እመሰክራለሁ? ዓመቱን የሚመሰክር የጀመረህ ነው። እስከዚያው ማታ ማታ የፊተኛውን እንዳትተወው።»

«እሺ አባ» አለ። አልዋሸም፤ ሊያነሳው አስቦ ነበር። ግን ቀን ለሰፈሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ ማታ ደግሞ የጾሙና የፋሲካው ዜማ አለ፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነው። ደግሞስ ጎተራ የገባን እህል ማን በየማታው ይሰፍራል? እንዲህ እያለ ጾሙ አለቀ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ክረምት ገባ። መነኩሴው ያመሰግኑታል። ከአባቱ ሞት ወዲህ ደስ ብሎት የተማረበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ፍልሰታ እንደተፈታ ከሐሚድ ጋር ተመለሰ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነበር። እናቱን ማሳው ውስጥ ጎንበስ ብላ ስትኮተኩት አገኛት። ሰው ሁሉ ለጣሊያን መንገድ ሥራ ተይዞ ስለነበር ብቻዋን ነበር የዘራችው፤ ሰሊጡ ግን አምሮበት በአበባ ነጭ ብሏል። ቀና ብላ አየችው፣ ሳመችው፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ መቋሚያው ሄደ።

«ቀይ አልነበረም እንዴ የሚባለው?»

«ቀዩን አሁን ነው የማስረው። እኩሌታውን እዚህ፣ እኩሌታውን እዚያ ጨርሻለሁ።»

አየሁሽ ክሩን አገላብጣ አየችው። «አገኘሁ ባለፈው ሰሞን መጥቶ ነበር» አለች። «ድንበሩን በእግሩ እየለካ ዞረ። ‹እትዬ አየሁሽ፣ እዚህ ጋ ቦይ ያስፈልገዋል› አለኝ። ቦይ።»

ጳጉሜን በገባ በማግስቱ አለቃ ጀምበሩ ሽማግሎቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከባምባው ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። መሪጌታ አለነ መጡ፣ አገኘሁ መጣ። ሐሚድም ለምስክርነት ተጠርቶ ከቅጥሩ ውጭ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹ ራቅ ብለው ቆሙ፤ አየሁሽ ከፊት ነበረች።

ፈረደ የተናገረው ልቡ የሞላ ሰው እንደሚናገረው ነው።

«እኩሌታውን ከየኔታ አለነ ተማርሁ፤ ይኸው ክራቸው። እኩሌታውን ሱዳን ካሉ መነኩሴ ተማርሁ፤ ሐሚድ ምስክሬ ነው። ሁለት እኩሌታ አንድ ሙሉ ነው። ይህ ካልተቆጠረልኝ እንኳ ነጩ ክር አለ፤ የማሳው እኩሌታ ይሰጠኝ።»

«ሐሚድ፣ ሲማር አይተሃል?» አሉ አለቃ።

«ወላሂ አይቻለሁ» አለ ሐሚድ። «እኔ ዜማችሁን አላውቅም። ግን ልጁ ጎህ ሳይቀድ ይጮሃል፣ ማታ ይጮሃል፤ አህዮቼ ገለባ ጥለው እሱን ያዳምጡ ነበር። መነኩሴውም ‹ከጾም ወዲህ ያለውን አስተምሬዋለሁ፣ በርትቷል፣ ዓመቱን ግን የጀመረው ይስማው በል› ብለው ልከውኛል።»

አለቃ ጀምበሩ ወደ መሪጌታ አለነ ዞሩ። «እርስዎስ? ክሩ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ስንት ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም።»

ሽማግሎቹ ተንሾካሾኩ። አገኘሁ ፊቱን ወደ መሬት ደፋ፤ ፈገግታውን ሊደብቅ ነው አለ ፈረደ በልቡ።

«እኩሌታ ዓመት ተምሮ ምንም?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ምንም» አሉ መሪጌታ አለነ። «ክሩ የሚለው ‹ይህ ሰው እስከዚህ ደርሷል፣ ቦታውን አትንኩበት› ነው። ‹ያውቃል› አይልም። ታኅሣሥ ላይ የሚያውቅ ሰው ጳጉሜን ላይ ማወቁን በምን አውቃለሁ? ቤተ ክርስቲያን እኩሌታ ዓመት አትቀድስም። ከጾም እስከ ጳጉሜን የሚያዜም፣ ከመስከረም እስከ ጥር ዝም የሚል አገልጋይ የሚፈልግ ደብር ካለ ይውሰደው። ማሳውንም እኩሌታ ይስጠው።»

«ጠላቴ ስለሆኑ ነው» አለ ፈረደ። እዚያው፣ በሰው ፊት። «በአባቴ ቂም ነው።»

«ቂም አለኝ» አሉ መሪጌታው። «አልደበቅሁም። ክሩ ግን ለሁሉም አይቆጠርም። ለአገኘሁም አልተቆጠረለትም፤ ሁለት ጊዜ ቆርጬበታለሁ። ጠይቀው።»

አገኘሁ በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ። ፈረደ ይህን አያውቅም ነበር። አሁን ቢያውቀውም ልቡ አልተቀበለውም፤ ተመካክረው የመጡ መሰለው።

አለቃ ጀምበሩ አስተዋይ ሰው ነበሩ። ሁለቱንም ካዩ በኋላ እንዲህ ሲሉ ፈረዱ። «ክሩ አይቆጠርም፤ የመነኩሴው ቃልም ብቻውን አይበቃም። ዮሐንስ ግን ገና አልገባም። መሪጌታ፣ አሁን እዚሁ ይስሙት፤ ከፊተኛውም ከኋለኛውም እያነሱ ይጠይቁት። ከያዘው ዓመቱን አዙሯል፤ የት ተማረው አንልም። ሥርዓቱን ታውቃላችሁ። ተማሪ ቢሰናከል መምህሩ አንድ ጊዜ መነሻውን ያነሳለታል፣ ነውር የለውም። ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ከዘለቀ እንዳወቀ ይቆጠራል። ወደ ሌላ ዜማ ከሄደ ግን የወደቀውን ሌላ ሰው ያነሳዋል። ያነሳው ቦታውን ይወስዳል።»

«ይሁን» አሉ መሪጌታ አለነ።

«ይሁን» አለ ፈረደ።

ከጾሙ ጀመሩ። እዚህስ ፈረደ አልተቻለም። የሆሳዕናውን፣ የስቅለቱን፣ የትንሣኤውን ጠየቁት፤ ድምፁ ከባምባው ሥር ተነስቶ ወንዙ ማዶ ደረሰ። ከሽማግሎቹ አንዱ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። የዕርገቱን፣ የጰራቅሊጦሱን፣ የክረምቱን አለፈ። መሪጌታ አለነ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት። አገኘሁ መሬት መሬቱን ያያል። ለፈረደ ሰሊጡ በዓይኑ መጣለት፤ ቀዩም ክር።

ከዚያ ወደ መስከረም ተመለሱ። የዮሐንስን ሄደ። የመስቀልን ሄደ፤ አንድ ቦታ ላይ ዘገየ እንጂ አልወደቀም። ጥቅምት ላይ ላቡ ጀመረው። የሚያውቀው ነገር ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ያልተረገጠ መንገድ እንደሚሆነው ሣር በቅሎበታል። ኅዳርን እየዳበሰ አለፈ። ታኅሣሥ ደረሰ። በታኅሣሥ ከልደት በፊት ሦስት ሰንበታት አሉ፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ስብከትን ያዘ።

«የኖላዊን» አሉ መሪጌታ አለነ።

ፈረደ አፉን ከፈተ። ምንም የለም።

የኖላዊ ዜማ አንድ ጊዜ ከእጁ ነበር። ጠረኑን ያስታውሳል፤ ማለዳ እንደነበር፣ ጎጆው ብርድ እንደነበር ያስታውሳል። ቃሉ ግን የለም። እኩሌታ ዓመት ሙሉ ሰው ያልጎበኘው ጎተራ ነው፣ ከፍቶ ሲያይ ነቀዝ ጨርሶታል። አፉ የብርሃንን መነሻ ደጋግሞ ያመጣበታል፤ የሁለቱ አነሳስ ይቀራረባል፣ ሰው ይስታቸዋል። እንዳልሆነ ይጠረጥራል፣ ሌላ ግን አይመጣለትም። አየሁሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

መሪጌታ አለነ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መነሻውን አነሱለት። በቀጭኑ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ አንዲት ሐረግ። አንስተው አቆሙ፤ ተቀበለኝ የሚል ሰው እንደሚጠብቅ ጠበቁት።

ፈረደ ሰማ። ያነሱለት እሱ በአፉ ይዞት የነበረውን አይደለም። እና ያን ጊዜ፣ ልክ ያን ጊዜ፣ ያ ሁሉ ማለዳ የዋጠው ምላጭ ሆዱ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ክረምቱን ሙሉ በሣር ዳስ ያደረ ሰው ላባረረው ሰው ልጅ ያነሳል? የእህቱ ልጅ ከጎኑ ቆሞ፣ ማሳው ከፊቱ ተዘርግቶ? ሊያሳስተኝ ነው አለ በልቡ። ከሱ አፍ ተቀብዬ እንድወድቅለት ነው የሚፈልገው። አልቀበልም።

የራሱን አነሳ። በሙሉ ድምፁ፣ ወንዝ በሚሻገረው የአባቱ ድምፅ፣ የብርሃንን ዜማ ለኖላዊ አዜመ።

አለቃ ጀምበሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መሪጌታ አለነ አንገታቸው ቀና አለ፤ ፊታቸው ላይ የታየው ግን ቁጣ አልነበረም። ፈረደ ፊታቸውን አይቶ ቆም ሊል ነበር፤ ግን አፉ ጀምሯልና እስከ መጨረሻው ሄደ።

«አገኘሁ» አሉ አለቃ ጀምበሩ በቀስታ። «የወደቀውን አንሳ።»

አገኘሁ አጎቱን አየ። ለአንድ አፍታ የማያነሳ መሰለ። ከዚያ መሪጌታ አለነ ካነሱለት ከዚያችው ሐረግ ጀምሮ፣ ከዚያችው ድምፅ፣ ቀጠለ። ፈረደ ሁለተኛዋ ሐረግ ላይ ሁሉም ነገር ትዝ አለው። ጎጆው፣ ማለዳው፣ ብርዱ፣ ቃሉ፣ የቃሉ መውጫና መውረጃ፤ አንድም ሳይቀር። ከንፈሩ ሳያስበው ከአገኘሁ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። እስከ መጨረሻው ያውቀዋል። አሁን ማወቁ ግን ለማንም አይጠቅምም።

ፍርዱ አጭር ነበር። ቤቱም ማሳውም፣ ከነቆመው ሰሊጥና ማሽላ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአገኘሁ ነው። ሽማግሎቹ ተነሱ። ሐሚድ ከድንጋዩ ተነስቶ አህዮቹን ሊያይ ሄደ።

መሪጌታ አለነ በፈረደ አጠገብ ሲያልፉ ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ዓይናቸው አዩት።

«ሰጥቼህ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ከእርስዎ አፍ ስለነበር ነው» አለ ፈረደ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በጭቃው ውስጥ ቀስ እያሉ ወጡ፤ ሽማግሌ መሆናቸውን ፈረደ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ቤት ሲደርስ እናቱ ቀድማው ደርሳ ነበር። ያላትን ጥቂት ዕቃ ከደጃፉ አውጥታ፣ ነጠላዋን በወገቧ አሥራ፣ ውስጡን ትጠርጋለች። የመጥረጊያው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ደጅ ቆመ። ስድብ ጠበቀ፤ ስድብ ቢመጣ ይሻለው ነበር።

«ተይው እማዬ» አለ። «ለእነሱ ነው እኮ የምትጠርጊው።»

«ሰው ቆሻሻ ቤት አይረከብም» አለች ቀና ሳትል። እስከ ጓዳው ድረስ ጠርጋ ከጨረሰች በኋላ ወደ በሩ መጣችና መጥረጊያውን አስደግፋ ቆመች።

«እኔ ዜማ አላውቅም» አለች። «ግን ሰውየው መነሻውን ሲያነሱልህ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰው ሊጥልህ ሲል ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ሁላችንም ሰምተናል፤ ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል። አንተ ብቻ ነህ ያልሰማህ።»

ፈረደ አለቀሰ ማለት ይቻላል፤ ፊቱን ወደ ሰሊጡ አዙሮ ስለነበር እናቱ አላየችም፣ ወይም እንዳላየች ሆነች። ሰሊጡ ላይ ንብ ይዞርበታል። ከማሳው ወዲያ አገኘሁና ሚስቱ መንገዱ ዳር ቆመው ነበር፤ ለመግባት አፍረው፣ ለመሄድም አልሆንላቸው ብሎ።

አየሁሽ ጓዳ ገብታ እንስራውን ይዛ ወጣች። በዚያ አገር ወንድ ልጅ እንስራ ተሸክሞ አይታይም፤ ከታየ ለዓመት ይወራበታል። እሷ ግን እንስራውን በእጁ ሰጠችው።

«ውሃ ቅዳ» አለችው። «ለሚገቡት ሰዎች እንስራውን ባዶ አንተውላቸውም።»

ፈረደ እንስራውን ትከሻው ላይ አደረገና፣ በአገኘሁና በሚስቱ ፊት አልፎ ወደ ጓንግ ወረደ።